በፉርጎው በር ልክ

ኦቦ ዲንሳ ሲሞቱ ሃያ ሦስቱ ወታደሮች እኔ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ፣ በካኪ ፖስታ ታሽገው ነበር። ፖስታው ላይ በገዛ እጄ «ልክ ያልሆኑ» ብዬ ጽፌበታለሁ። የጻፍኩት ከሌላ እንዳይቀላቀሉብኝ ብዬ ነው። ጽሑፉን እስከ ዛሬ አልሰረዝኩትም።

አምቦ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ እገለብጣለሁ፣ የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ። ኦቦ ዲንሳ ከሱቄ ጀርባ ባለው ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። የጅቡቲው ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል፣ አብዛኛውን አዋሽ ጣቢያ። ሚስታቸው እዚያው ሞተችባቸው፤ ልጅ አልወለዱም። ባቡሩ ሲዳከም ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የአምቦ ሰው የሚለያቸው በቆባቸው ነው፤ ከፊቱ የነበረው ብረት የወለቀ ጥቁር የባቡር ሠራተኛ ቆብ። ለቀብር ካልሆነ አያወልቁትም።

መጀመሪያ ወደ ሱቄ የገቡት በ2010 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ ነው። የአዋሽ ጣቢያን ሕንፃ የሚያሳይ አሮጌ ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው «አስፋልኝ» አሉኝ።

«ምን ያህል ላስፋው?»

ከኮታቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡና የማሽኑ መስታወት ላይ አስቀመጡት። ከመዳፌ ብዙም የማይረዝም ቡናማ መጫወቻ ነው። ጎማዎቹ ይሽከረከራሉ፣ የጎን በሩ ይንሸራተታል።

«ለዚህ ልክ የሚሆን ጣቢያ ነው የምፈልገው።»

«ይሄ ምንድን ነው ኦቦ ዲንሳ?»

«ፉርጎ ነዋ! አይተህ አታውቅም?»

«አምቦ ባቡር የት አለና?»

«እሱስ እውነትህን ነው» አሉና ሳቁ። «አምቦ ያለው ውሃ ብቻ ነው።»

ባቡሩን የሰጣቸው አንድ ፈረንሳዊ አለቃቸው ነው፤ አገሩ ሲመለስ የልጁን መጫወቻ ትቶላቸው ሄደ። አንድ ሞተር፣ አራት ፉርጎዎችና ጥቂት ሀዲድ። ሞተሩ ከብዙ ዓመት በፊት ተቃጥሏል። የመጫወቻው ሣጥን ጥግ ላይ 1፡87 የሚል ቁጥር ነበረና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ይህን የመሰለ ሰማንያ ሰባት ፉርጎ ብትደረድር የአንድ እውነተኛ ፉርጎ ርዝመት ይሞላል ማለት ነው። ስለዚህ ጣቢያውም፣ በሩም፣ ሰውም ሰማንያ ሰባት ጊዜ ማነስ አለበት። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ይበላሻል።»

ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው። ኋላ ደጋግሜ መልሼባቸዋለሁ።

የጣቢያው በር ከፍታ ሁለት ሜትር ከአሥር እንደነበር ያስታውሱ ነበር። ለሰማንያ ሰባት ስናካፍለው ሃያ አራት ሚሊ መጣ። ፎቶው ላይ ያለውን በር በማስመሪያ ስለካው አሥራ ሁለት ሚሊ ነው። ሁለት መቶ ፐርሰንት ተጫንኩ። ወረቀቱ ሲወጣ ፉርጎውን አጠገቡ አስጠጉትና አዩት። «ጋሪ» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ እሳቸው ክፍል መሄድ ጀመርኩ። መብራት ከሌለ ፎቶ ኮፒ የለም፣ አምቦ ደግሞ መብራት መጥፋት ብርቅ አይደለም። አንድ ሜትር ከሃያ በሚሆን ቺፕውድ ላይ ጣቢያውን አቆምን። ግድግዳው የወረቀት ካርቶን ነው። የጣሪያውን ቆርቆሮ ያገኘነው እዚያው ካርቶን ውስጥ ነው፤ ላዩን ወረቀት በውሃ አርሰው በጥንቃቄ ሲልጡት መሐል ያለው ሽንሽኑ ይወጣል፣ እሱን ቀለም ቀቡት። ለመሬቱ አፈር በነጠላ ነፉ። የአዋሽ አፈር ከአምቦው ይነጣል ብለው አመድ ቀላቀሉበት። መድረኩ ላይ አንድ ትንሽ ሰው አቆሙ፤ ከወይራ ስንጥር በምላጭ የቀረጹት፣ ጥቁር ቆብ ያደረገ፣ አንድ እጁን ወደ ፉርጎው በር የዘረጋ።

«ይሄ ማነው?»

«ቆቡን እያየህ ትጠይቀኛለህ?»

ለምን እንደሚሠሩት የነገሩኝ ሥራው ከተጀመረ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ዝናብ እየዘነበ ነበር። የጣቢያውን መስኮት እያጣበቁ፣ ሳያዩኝ ነው የነገሩኝ።

ነጋሳ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው። በ1969 ክረምት ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ፣ አልተመለሰም። መሞቱን የነገራቸው የለም፣ ወረቀትም አልመጣም። እናታቸው በር በሩን እያዩ ሞቱ። እጃጂ የምትኖረው እህታቸው ደብሪቱ ግን እስካሁን አላለቀሰችለትም። ልጅ ሆኖ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ከባቡሩ ወርዶ አንድ ቦታ ቀርቷል፣ አግብቶ ወልዶ ይኖራል ትላለች።

«እኔ ግን አይቼዋለሁ» አሉኝ ኦቦ ዲንሳ። «ባቡሩ አዋሽ ቆሞ ነበር። ወርዶ ፈልጎ አገኘኝ። አወራን። ከዚያ ተሳፈረ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«እና ለቤተሰብ አልተናገሩም?»

«ስመጣ እናቴ ‹አይተኸዋል?› አለችኝ። ‹አዎ› ብላት ‹ታዲያ ለምን እጁን ይዘህ አላስቀረኸውም?› ትለኛለች። ‹አላየሁትም› አልኳት። አንድ ጊዜ አላየሁም ካልክ በኋላ መቼ ነው አይቻለሁ የምትለው?»

መስኮቱን ለቀቁት። ኮላው ጣታቸው ላይ ደርቆ ነበር።

«ለደብሪቱ ንገራት ያለኝ ቃል አለ። ይዤው አርባ ዓመት አለፈኝ። በስልክ እንዳልላት መርዶ በስልክ አይነገርም። ፊት ለፊት እንዳልነግራት አፌ ይያዛል፤ ሁለት ጊዜ እጃጂ ድረስ ሄጄ ስለ በቆሎ አውርቼ ተመልሻለሁ። ይህን ካሳየኋት ግን ትጠይቀኛለች። ከጠየቀችኝ እመልሳለሁ።»

«ቃሉ ምንድን ነው?»

«የሷ ነው። እሷ ስትሰማ አንተም አብረህ ትሰማለህ።»

ከዚያ ቀን በኋላ የቀረው ወታደሮቹ ብቻ ነበሩ። ሰው በወይራ ስንጥር መቅረጽ ዓይናቸውን አድክሞታል፤ አንዱን ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጅቶባቸዋል። ስልኬ ላይ ስፈልግ የጦር ሜዳ በትንሹ የሚሠሩ ሰዎች የሚገዟቸው በሣጥን የሚሸጡ የፕላስቲክ ወታደሮች እንዳሉ አየሁ። ፊት ለፊቴ የሕፃናት ልብስና ጫማ የሚሸጠው አብዱልከሪም የሚስቱ ወንድም ዱባይ ስለሚመላለስ ለእሱ ነገርኩት።

«ወታደር?» አለ አብዱልከሪም። «ሚስት አግባ ስንልህ ጦር ታስመጣለህ?»

«ለኦቦ ዲንሳ ነው።»

«አንድ ሽማግሌና አንድ ፎቶ ኮፒ አንሺ ቁጭ ብላችሁ አሻንጉሊት! ልጆቼ ቢሰሙ ምን ይላሉ?» እየሳቀ የነገርኩትን የመጠን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፈ። ሰማንያ ሰባት።

ከወር በኋላ ከመንገዱ ማዶ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ጮኸብኝ። ሱቄ በተመዝጋቢ ተማሪ ተሞልቶ ነበር።

«ኤልያቄም! ሰማንያ ሰባት የለም ይላል! ሰባ ሁለት ነው ያለው፣ ምን ልበለው?»

በፎቶ ኮፒው ላይ ቀኑን ሙሉ የምጫነው ቁልፍ ነው። ሰማንያ ሰባት ፐርሰንት ስል ወረቀቱ ትንሽ ያንሳል፣ ሰባ ሁለት ስል ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ኦቦ ዲንሳ ስለ ሰማንያ ሰባቱ ፉርጎዎች የነገሩኝ ትዝ አላለኝም። ትዝ ቢለኝ፣ የአንዱን ርዝመት ለመሙላት ሰባ ሁለት የሚበቃ ከሆነ እያንዳንዱ ትልቅ መሆኑ ይገባኝ ነበር።

«ያምጣው!» አልኩት። «ቢያንስ ነው እንጂ አይበልጥም!»

ኅዳር 2012 ላይ ሣጥኑ መጣ። ኦቦ ዲንሳ ፊት ከፈትኩት። አንዱን ወታደር ከተያያዘበት ፕላስቲክ ቆርጠው መድረኩ ላይ ከፉርጎው በር አጠገብ አቆሙት። ጭንቅላቱ ከበሩ በላይ ነው። በወይራ ከተቀረጸው ቆብ ያደረገ ሰው ጋር ሲቆም ደግሞ አባትና ልጅ ይመስላሉ።

ኦቦ ዲንሳ ሳቁ።

«እነዚህ ሰዎች ጥሩ በልተዋል!»

ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁ። ወታደሩ ሃያ አራት ሚሊ ገደማ ነው። መሆን የነበረበት ሃያ ነበር። አራት ሚሊ። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር ብዬ አስባለሁ። አልተናገርኩም። «የላኩት ስህተት ነው» አልኩ፣ «አስመልሼ ልክ የሆነውን አስመጣለሁ።»

«ለምን? እነዚህ ምን አሏቸው?»

«ኦቦ ዲንሳ፣ በበሩ አይገቡም እኮ!»

«ጎንበስ ብለው ይገባሉ። ያን ጊዜም ጎንበስ ብለው ነበር የሚገቡት።»

«እርስዎስ? እርስዎ ከእነሱ አጠገብ ሕፃን መሰሉ።»

«የዚያን ቀን ከዚህም አንሼ ነበር» አሉ።

«‹አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ይበላሻል› ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ነኝ። ግን ልጄ፣ ሀዲዱስ? ይሄ ሀዲድ መቼ የእኛ ሆነ? የእኛ አንድ ሜትር ነበር፣ ጠባብ ነው። ይሄ የፈረንጅ ሀዲድ ሰፊ ነው። ፉርጎውም የነሱ ነው፣ ትልቅ ነው። እኔ ምን አልኩ?»

አልሰማኋቸውም። ሀዲድ መለካት ያን ጊዜ ቢመጣልኝ ጥሩ ነበር።

እሳቸው ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ወታደሮቹ የሌላ አገር ነበሩ፣ የብረት ቆብ ያደረጉ። ኦቦ ዲንሳ የብረት ቆቡን በምላጭ እየፋቁ የጨርቅ ቆብ አደረጉት። የደንብ ልብሱን የሚሊሺያ ቀለም ቀቡት። ሃያ ሦስቱን ጨርሰው በሰም እያስያዙ መድረኩ ላይ አቆሟቸው፤ ገሚሱ ፉርጎው አጠገብ፣ ገሚሱ ውሃ ቦኖው ዙሪያ። አንዱን ከሌሎቹ ለይተው ለብዙ ቀን ሲሠሩት አይቻለሁ። የትኛው እንደነበር ግን አላየሁም። እኔ በገባሁ ቁጥር የማየው ቁመታቸውን ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን «ለጥምቀት ደብሪቱን ጠርቻታለሁ» አሉኝ። «ነገ አጣብቃቸዋለሁ፤ ሱፐር ግሉ ይዘህልኝ ና።»

በማግስቱ ይዤ የሄድኩት ካኪ ፖስታ ነው።

«አብዱልከሪም ልክ የሆኑትን አዟል» አልኳቸው። «ለፋሲካ ይደርሳሉ። አርባ ዓመት የጠበቀ ነገር ሦስት ወር ቢጠብቅ ምን ይሆናል? አንዴ ካጣበቋቸው አይነሱም። እህትዎ ሲያዩት ልክ ይሁን።»

ኦቦ ዲንሳ ወታደሮቹን አዩ። ከዚያ እኔን።

«አንዱን እንኳ ተውልኝ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«አንዱ ብቻ ምን ያደርጋል? ሁሉም አንድ ላይ ይቀመጡ።»

እጃቸው ምንም ሳይነካ ተመለሰ። «ቶሌ» አሉ። እሺ ማለት ነው። «አንተ ካልክ ይሁን።»

ሃያ ሦስቱን ከሰሙ ላይ እየነቀልኩ ፖስታው ውስጥ ጨመርኳቸው። እጃቸው ወደ የትኛው እንደሄደ ብጠይቅ ኖሮ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልጠየቅኩም። ፖስታውን አሸግኩና ጻፍኩበት።

ለደብሪቱ ደውለው ለፋሲካ እንድትመጣ ነገሯት። መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ። የዱባዩ ሰው እዚያው ተይዞ ቀረ። መኪና ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭን ተባለ፣ ሰው አፉን ሸፍኖ ከሩቅ ይነጋገር ጀመር። ኦቦ ዲንሳ ጠዋት ጠዋት በሱቄ መስኮት ብቅ ይሉና ሰላምታ ሳይሰጡ «ዱባይ ተከፈተ ወይ?» ይሉኛል። «አልተከፈተም» እላለሁ። አብዱልከሪም ከማዶ ሆኖ «ኦቦ ዲንሳ፣ ጦርዎ ድንበር ላይ ተይዟል!» እያለ ያስቃቸዋል። በኋላ በኋላ መሳቃቸውን ተዉ።

ሚያዝያ ውስጥ ፋሲካ አልፎ አንድ ቀን ሱቄ ገብተው ተቀመጡ። እንዲህ ተቀምጠው አያውቁም ነበር።

«ኤልያቄም፣ በቃ ትልልቆቹን ስጠኝ። ደብሪቱን ልጥራት።»

«በዚህ በሽታ እንዴት አድርገው ይመጣሉ? ሽማግሌ ላይ ይከፋል እየተባለ። ትንሽ ይታገሡ።»

ያልኩት ውሸት አልነበረም። ምክንያቴ ግን እሱ አልነበረም። ፖስታው ከክርኔ ሥር መሳቢያ ውስጥ ነበር። እጄን ባወርድ እደርስበት ነበር። ወታደሮቹ መድረኩ ላይ ተመልሰው ከቆሙ ደብሪቱ ስታያቸው ስህተቴ የሚታይ መሰለኝ። ባቡር በዓይኗ አይታ የማታውቅ አንዲት አሮጊት አራት ሚሊ እንድትታዘበኝ ፈራሁ።

ኦቦ ዲንሳ ቆባቸውን አስተካክለው ወጡ።

ግንቦት 14 ቀን ጠዋት በራቸው ሳይከፈት ረፈደ። አብዱልከሪምና እኔ ገፍተን ስንገባ አልጋቸው ላይ ነበሩ፣ ግማሽ ፊታቸው ወድቆ። ሐኪም ቤት አደረስናቸው፤ ሁለት ቀን ቆዩ። ዓይናቸው ያያል፣ አፋቸው ግን አይናገርም። እጄን ይዘው ብዙ ጊዜ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ፤ ቃል አልነበረም። ግንቦት 16 ሞቱ። ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የቆመው። ደብሪቱ ከእጃጂ መኪና አጥተው አልደረሱም።

መስከረም ላይ የዱባዩ ሰው ተመለሰና አብዱልከሪም አንድ ትንሽ ሣጥን መደርደሪያዬ ላይ አኖረ። አልቀለደም። 1፡87 ይላል። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ኦቦ ዲንሳ የነበሩበት ክፍል ገና አልተከራየም፤ ቺፕውዱ በአንሶላ ተሸፍኖ እዚያው ነው። ገለጥኩትና አንዱን አዲስ ወታደር ከፉርጎው በር ፊት አቆምኩት። በሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይገባል። ምንም አይነካውም። ልክ ነው።

ማስመሪያው እጄ ላይ ስለነበር ሀዲዱን ለካሁት። ለምን እንደለካሁት አላውቅም። በሁለቱ ብረቶች መካከል አሥራ ስድስት ሚሊ ተኩል ነው። በሰማንያ ሰባት ሳባዛው አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት ተኩል መጣ፤ የፈረንጁ ሰፊ ሀዲድ። በሰባ ሁለት ሳባዛው አንድ ሜትር ከአሥራ ዘጠኝ። የእኛ ሀዲድ አንድ ሜትር ነበር። ማስመሪያውን አስቀምጬ እንደገና አባዛሁ፤ ቁጥሩ ያው ነው። ትልልቆቹ ወታደሮች ሲቆሙበት ሀዲዱ ወደ እኛ ሀዲድ ይቀርባል፣ ፉርጎውም እንደ እኛ ፉርጎ ያንሳል። ሰዎቹ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት ፉርጎ። ኦቦ ዲንሳ በማስመሪያ ሳይለኩ ይህንኑ ነበር የነገሩኝ። ትክክል የነበሩት እኔ ያሸግኳቸው ነበሩ።

ፖስታውን ከፍቼ ሃያ ሦስቱን መልሼ አቆምኳቸው፤ በግምት፣ ገሚሱን ፉርጎው አጠገብ፣ ገሚሱን ቦኖው ዙሪያ። ትንንሾቹን ፖስታው ውስጥ ከተትኳቸው።

ጥቅምት 2013 ላይ ቺፕውዱን በአንሶላ ጠቅልዬ የባኮ ሚኒባስ ጫንኩት። ረዳቱ የአንሶላውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ አየ።

«ጋሼ፣ ባቡር በሚኒባስ ሲሄድ ያየሁት ዛሬ ነው!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ከጉደር እስከ ጌዶ፣ ከጌዶ ወዲያም ቁልቁለቱን፣ ጉልበቴ ላይ ደግፌው ሄድኩ። ወታደሮቹን በጥጥ ጠቅልዬ ለብቻ ይዣቸው ነበር።

አዴ ደብሪቱ ደጃቸው ላይ በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው፤ ሲነሱ የቤታቸው በር አነሰባቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ሁለት እጄን ይዘው ስለ ወንድማቸው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አንሶላውን ገለጥኩና ወታደሮቹን አንድ በአንድ አቆምኩ። በርጩማ ስበው ተቀመጡና ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይሄ ቆብ ያለው ዲንሳ ነው።»

«አዎ። አዋሽ ጣቢያ ነው።»

«እነዚህ ወታደሮች ናቸው።»

«ሚሊሺያዎች ናቸው አዴ። በስድሳ ዘጠኝ።»

በጥፍራቸው የፉርጎውን በር አንሸራተው ዘጉት፤ ከዚያ ከፈቱት።

«በሩ ከውጭ ነው የሚዘጋው?»

«ከውጭ ነው።»

የዲንሳን የተዘረጋች እጅ አዩ። እኔ አላየሁም፤ መሬት መሬቱን ነበር የማየው።

«አይቶታል ማለት ነው» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «አላየሁትም ብሎን ነበር። አይቶታል።»

«ሊነግሩዎት ነበር። ይህን የሠሩት ለዚያ ነው። ነጋሳ ወርዶ አግኝቷቸው ነበር። ቃል አለ፣ ለእርስዎ የተላከ።»

ያን ጊዜ ነው ቀና ያሉት። «ነጋሳን ኮ ኢሳ ከሚ?» አሉኝ። የእኔ ነጋሳ የትኛው ነው?

ሃያ ሦስቱን አየኋቸው። አንዱ የተለየ ቀለም አለው ወይ፣ የአንዱ ፊት ተለይቶ ተሠርቷል ወይ እያልኩ አምቦ ሳለሁ በአጉሊ መነጽር ጭምር ፈልጌያለሁ። ሁሉም በጥንቃቄ የተሠሩ ነበሩ።

«አላውቅም አዴ።»

«አልነገረህም?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ቃሉስ?»

«እርስዎ ፊት ነው የምናገረው ብለው ለእኔ አልነገሩኝም።»

«ሁለት ዓመት አብራችሁ ስትሠሩ ከረማችሁ። ታዲያ ምን ስታወሩ ነበር?»

«ስለ ልኩ» አልኩ። «ስለ ቁመታቸው። ትልቅ ናቸው ብዬ . . . ትንንሾቹ እስኪመጡ ይጠብቁ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ለጥምቀት ሊጠሩዎት ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሰባ ሁለቱን ስህተት፣ ፖስታውን፣ ሚያዝያ ላይ ሱቄ የተቀመጡበትን ቀን። የተረዱኝ አይመስለኝም፤ ወይም ከሚገባው በላይ ተረድተውኛል። ስጨርስ የሚያዩት ወታደሮቹን ሳይሆን የቤታቸውን በር ነበር።

«ቁመቱንማ» አሉ፣ «እኔን ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

ማታ ጎረቤት ተጠርቶ መጣ። አዴ ደብሪቱ ለነጋሳ አለቀሱ፤ ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ። ማንን እያዩ እንደሚያለቅሱ አያውቁም፤ ወታደሮቹን አንድ በአንድ በእጃቸው እያነሱ መልሰው ያኖሩ ነበር። ስመለስ ባቡሩን ይዤ ልሂድ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «ሁሉንም ተወው። ከሃያ ሦስቱ አንዱ እሱ ነው» አሉኝ።

ትንንሾቹ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፣ በዚያው ፖስታ።

አዴ ደብሪቱ እሑድ እሑድ ይደውሉልኛል። ጤና ይጠይቁኛል፣ ስለ ዝናቡ ይነግሩኛል፣ ከዚያ «አስታወስክ?» ይላሉ። ኦቦ ዲንሳ ሳላስተውለው አንድ ነገር ጥለውልኝ ሄደው እንደሆነ ነው። መብራት ሲጠፋ ሱቄን ዘግቼ ያወራነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስታውሳለሁ። ሚሊ ነው። በር ስንት፣ ጣሪያ ስንት፣ ሰው ስንት። ባለፈው እሑድ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ነገርኳቸው።

«‹ያን ጊዜም ጎንበስ ብለው ነበር የሚገቡት› ብለውኝ ነበር።»

«እሱን ያለው ዲንሳ ነው» አሉኝ። «እኔ የጠየቅኩህ ነጋሳ ያለውን ነው።»